ከ“እረኛ ምን አለ?” ወደ “እረኛው ማን ነው?”

የጥንት ነገሥታት የሕዝባቸውን ልብ ለማወቅ ሲሹ “እረኛ ምን አለ?” ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ በሜዳ የሚያንጎራጉረው ግጥም ባለቤት የለውም። ከአፍ ወደ አፍ ይሻገራል፣ ከደጋ ቆላ ይወርዳል፣ በመጨረሻም ቤተ መንግሥት ይደርሳል። ብልህ ገዢ የሚጠይቀው ስለ ቃሉ ነው። የፈራ ገዢ ግን ሌላ ጥያቄ ይጨምራል፦ “እረኛው ማን ነው? ለማንስ ነገረው?”

በኢትዮጵያ ስለ ፕሬስ ነጻነት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ ታሪክ ነው፦ የታገደ መጽሐፍ፣ የተዘጋ ጋዜጣ፣ የታሰረ አዘጋጅ። የሁለተኛው ጥያቄ ታሪክ እምብዛም አይነገርም፤ ምክንያቱም የሚካሄደው በጨለማ ነው። የተከፈተ ደብዳቤ፣ የተጠለፈ ስልክ፣ በኮምፒውተር ውስጥ የተደበቀ ሰላይ። ሁለቱ ታሪኮች ግን አንድ ናቸው። ሳንሱር በአዋጅ በተሻረበት አገር ፕሬሱ ነጻ ያልወጣው፣ ጠባቂው ከማተሚያ ቤቱ በር ተነሥቶ ወደ ዜጋው ስልክ ስለተዛወረ ነው።

▪️ ደብዳቤው ከጋዜጣው ቀድሞ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። በዚያን ጊዜ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሥራ ላይ ነበር፤ በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣም ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም ነበር። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ ስለ ጋዜጣ ነጻነት አንድም ቃል አልተነፈሰም። ደብዳቤን ግን አልረሳም። አንቀጽ 25 በሕግ ከተወሰነው በቀር የሰው ቤት ገብቶ መበርበርን ይከለክላል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ በዚያው አኳኋን የደብዳቤን ምስጢር መድፈርን ይከለክላል። በወረቀት ላይ ቢሆንም፣ የኢትዮጵያ ሕግ የግል ምስጢርን ያወቀው የፕሬስ ነጻነትን ከማወቁ 24 ዓመት አስቀድሞ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነጻነትን “በሕግ መሠረት” አረጋገጠ። አንቀጽ 42 ከታወጀ አስቸኳይ ጊዜ በቀር ደብዳቤ ሳንሱር እንደማይደረግ ደነገገ።

በሥራ የዋለው ሌላ ነው። ደራሲ ረቂቁን ይዞ ወደ ሳንሱር ክፍል ይሄዳል፤ ሹሙ ያነባል፣ ይሰርዛል፣ ያዘገያል፣ ይመልሳል። የአቤ ጉበኛ “አልወለድም” ታገደ፤ ደራሲውም ወደ ጎሬ በግዞት ተላከ። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ የሳንሱሩ ወንበር ባለቤት ቀየረ እንጂ አልተነሣም። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” ከየመደብሩ ተለቀመ። ደራሲው ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከሦስት ዓመት በኋላ የጸደቀው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥትም የንግግርና የጽሑፍ ነጻነትን ይፈቅዳል።

ያ የሳንሱር ሥርዓት ጨካኝ ቢሆንም የሚታይ ነበር። ጸሐፊው ምን እንደተሰረዘበት ያውቃል። አንባቢውም ከተጻፈው ጀርባ ያልተጻፈውን ማሽተት ለምዷል። አገሩ የሰምና ወርቅ አገር ነውና ጸሐፊው ወርቁን በሰም ሸፍኖ በሳንሱር ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ያሳልፈዋል። ሹሙ ቃል ያነባል፣ ቃል ደግሞ ብዙ መደበቂያ አለው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጠባቂ ግን ቃሉን ማንበብ እንኳ አያስፈልገውም። ማን ለማን ደወለ፣ ስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ የሚለው ይበቃዋል። ሰምና ወርቅ ቃልን ይሸፍናል፣ የጥሪ ዝርዝርን አይሸፍንም።

▪️ የጸሐፊው መሳቢያ

የጸሐፊ ወረቀትና የፕሬስ ነጻነት ለምን አንድ ጉዳይ እንደሆኑ ከሁሉ ቀድሞ በግልጽ የታየው በለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1762 አራት የንጉሥ መልእክተኞች በሚኒስትሩ በሎርድ ሃሊፋክስ ትእዛዝ የጆን ኤንቲክን ቤት ሰብረው ገቡ። ኤንቲክ መንግሥትን በሚነቅፈው “ዘ ሞኒተር” በተሰኘው ጋዜጣ ይጽፋል ተብሎ ተጠርጥሯል። ለአራት ሰዓት ያህል ቁልፍ ሰበሩ፣ መሳቢያ ገለበጡ፣ ወረቀቱን ጭነው ሄዱ። ኤንቲክ ከሰሳቸው። ሎርድ ካምደን በ1765 በሰጡት ፍርድ ለዚህ ድርጊት ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ እስከሌለ ድረስ የሚኒስትር ፊርማ ብቻውን ብርበራን ሕጋዊ አያደርገውም አሉ። መልእክተኞቹ 300 ፓውንድ ካሣ ተፈረደባቸው።

መንግሥት “ለአገር ደኅንነት አስፈላጊ ነው” የሚለውን መከራከሪያ በዚያ ችሎትም አቅርቦ ነበር። ዳኛው አልተቀበሉትም። ዛሬ በብዙ አገር ፖሊስ ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ እንዲመጣ የሚያስገድደው ሕግ ከዚህ ዓይነት ፍርድ የተቀዳ ነው። የተራው ሰው መሳቢያ የተከበረው የአንድ ጸሐፊ መሳቢያ ስለተሰበረ ነው።

▪️ አዋጁ የዘጋው በርና የከፈተው መስኮት

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ጥቅምት 1985 ዓ.ም. ትልቅ ቀን ነው። የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቅድመ ሳንሱርን ሻረ። በጥቂት ወራት ውስጥ የአዲስ አበባ አዟሪዎች ክንድ በግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ተሞላ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህንኑ አጠነከረ። አንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከለከለ። አንቀጽ 26 ደግሞ በፖስታ፣ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት የማይደፈር ነው አለ። ይህ የተጻፈው በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከመጀመሩ በፊት መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ሕጉ ከዘመኑ ቀድሞ ነበር፤ ወደ ኋላ የቀረው አፈጻጸሙ ነው።

የሳንሱር ክፍሉ ተዘጋ፣ ክስ ግን በረከተ። ቀድሞ ከመታተሙ በፊት የሚሰረዘው ጽሑፍ አሁን ከታተመ በኋላ አዘጋጁን ወህኒ ያስገባ ጀመር። በዚያ ዐሥር ዓመት ኢትዮጵያ በአፍሪካ ብዙ ጋዜጠኛ ከሚታሰርባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ተብላ ተመዘገበች። የ1997ቱ ምርጫ ይህን ሁሉ አባሰው። በኅዳር 1998 ዓ.ም. ከተያዙት መካከል ባልና ሚስቱ ጋዜጠኞች እስክንድር ነጋና ሰርካለም ፋሲል ይገኙበታል፤ ሰርካለም ልጇን የወለደችው በእስር ላይ ሳለች ነው።

ከእስሩ ጋር አብሮ የሆነ፣ ያኔ እንደ ትንሽ ነገር የታየ ሌላ ጉዳይ አለ። በሰኔ 1997 ዓ.ም. የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ሰው በምርጫው ቅስቀሳ ይጠራራበት ስለነበር ነው። ተመልሶ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሚሊኒየሙ መባቻ ነው። አንድም ጋዜጣ ሳይታገድ፣ አንድም ሰው ሳይከሰስ፣ አንድ አገር ሙሉ “ደህና ነህ ወይ?” ብሎ መጻጻፍ ተከለከለ። ይህን ማድረግ የተቻለው ቴሌ የአንድ ባለቤት፣ ባለቤቱም መንግሥት ስለነበር ነው። ከተማው ጉዳዩን በቀልድ ቢያልፈውም፣ ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

▪️ “ማን ነገረህ?”

በነሐሴ 2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ወጣ። አዋጁ ለሽብር “ማበረታቻ” ተብሎ ለሚተረጎም ጽሑፍ እስከ 20 ዓመት የሚደርስ እስራት አዘጋጀ። ስልክ፣ ኢንተርኔትና ፖስታ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ብዙ ያልተነገረለት ግን የማስረጃው ክፍል ነው። በአንቀጽ 23 መሠረት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ከየትና እንዴት እንደተገኘ ባይገለጽም እንኳ በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል። የመንግሥት ጆሮ ጠቢ ስሙ በሕግ ተሸፈነ። የጋዜጠኛው ምንጭስ?

መልሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መጣ። “አዲስ ነገር” ጋዜጣ በኅዳር 2002 ዓ.ም. አዘጋጆቹ በፀረ ሽብር ሕጉ ሊከሰሱ ነው በሚል ስጋት ከአገር ሲወጡ ተዘጋ። ከዚያ አንድ ወር አስቀድሞ በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ወደ ዋሽንግተን የላከው አንድ የምስጢር ቴሌግራም ነበር። በውስጡ ጋዜጠኛ አርጋው አሽኔ በስም ተጠቅሷል፤ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት በጋዜጣው አዘጋጆች ላይ ስላሰበው ነገር ከጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሰምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ዊኪሊክስ ቴሌግራሞቹን ስም ሳይሸፍን ለቀቃቸው።

አርጋው በ2003 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀናት መጀመሪያ በጽሕፈት ቤቱ ባለሥልጣናት፣ ቀጥሎም በፖሊስ ተጠራ። “የጻፍከው ውሸት ነው” አልተባለም። የተጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ውስጥ ሆኖ የነገረህ ማን ነው? ለመልሱ የ24 ሰዓት ጊዜ ተሰጠው። ጋዜጠኛው ምንጩን አሳልፎ ከመስጠት አገሩን ጥሎ መውጣትን መረጠ።

የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ጋዜጣው አስቀድሞ ተዘግቷል፤ አዘጋጆቹም ተሰድደዋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ እንኳ የሚፈለግ ሰው ቀረ፤ እሱም ያልጻፈው፣ የነገረው ነው። ጋዜጠኛ ዓይኑ ሌላ ሰው ነው። የተጭበረበረውን ጨረታ ያየው ጸሐፊው ሳይሆን የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነው። የጠፋውን መድኃኒት የምታውቀው ነርሷ ናት። እነዚህ ሰዎች ዝም ካሉ ሺህ ጋዜጣ ቢታተም ባዶ ወረቀት ነው። እነሱን ዝም ለማሰኘት ደግሞ ማሰር አያስፈልግም፤ ስልኩ እንደሚሰማ ማመናቸው ይበቃል።

አርጋውን ያጋለጠው የመንግሥት ጠለፋ አልነበረም፤ ስለ ግልጽነት የሚሟገት ድርጅት ነው። የመረጃ ነጻነት የሚለው ቃል የሰውን ስም ለአዳኝ ከመስጠት ጋር ሲምታታ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ሥልጣን ሲሆን ገመናው ይገለጥ፣ ደካማው ዜጋ ሲሆን ምስጢሩ ይጠበቅ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

▪️ ከሜሪላንድ እስከ ብራስልስ

ስደት ከጆሮ ጠቢ ያድናል የሚለው እምነትም ብዙ አልቆየም። ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. ሁለት የኢሳት ባልደረቦች፣ አንዱ በቤልጂየም፣ ሌላው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በስካይፕ የሚነበብ ሰነድ የሚመስል ፋይል ይላክላቸው ጀመር። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ሙከራ ተደረገ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ፋይሎቹን ሲመረምር ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ለመንግሥታት ብቻ የሚሸጠው የስለላ ሶፍትዌር ሆኖ አገኘው። ይህ ሶፍትዌር የገባበት ኮምፒውተር ፋይሉን ያስረክባል፣ የይለፍ ቃሉን ይናገራል፣ ካሜራውንና ማይክሮፎኑን ባለቤቱ ሳያውቅ ይከፍታል።

በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቃል አቀባይ አገሪቱ እንዲህ ያለ ምርት አትጠቀምም ሲሉ ለጋዜጣ አስተባበሉ። በሰኔ ማብቂያ 2007 ዓ.ም. ግን ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈ፤ የውስጥ ሰነዶቹና ኢሜይሎቹ ለዓለም ተበተኑ። በደንበኞቹ ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ኢንሳ፣ ተገኘ።

ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤቱ ለደኅንነቱ ሲባል “ኪዳኔ” በሚል የብዕር ስም እንዲከስስ ፈቀደለት። ከሌላ ሰው የተላለፈለትን የኢሜይል አባሪ ሰነድ በከፈተ ጊዜ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 2005 ዓ.ም. ባሉት ወራት የስካይፕ ንግግሩን ይቀዳ፣ የቤተሰቡን ኢሜይልና የድረ ገጽ አጠቃቀም ይከታተል፣ የሰበሰበውንም ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ይልክ እንደነበር በክሱ ቀረበ።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሰጡት መልስ ከስለላው ባልተናነሰ ሊያነጋግር ይገባል። የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ክሱን ውድቅ ሲያደርግ፣ ስለላው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ወደሚለው አልገባም። የተመለከተው ያለመከሰስ መብትን ነው። የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ምድር ለፈጸመው ጉዳት የሚከሰሰው ድርጊቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ በዚያው ምድር ሲፈጸም ነው፤ እዚህ ግን ሶፍትዌሩ የታዘዘው ከውጭ ነው ተባለ። ትርጉሙ ግልጽ ነው። የውጭ መንግሥት ሰላዩን በአካል ልኮ የዜጋን ቤት ቢሰብር ሊከሰስ ይችል ነበር፤ በኢንተርኔት ቢገባ ግን አይከሰስም። ኤንቲክ በ1765 ያገኘውን ፍርድ “ኪዳኔ” ከ252 ዓመት በኋላ አላገኘም።

ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲቲዝን ላብ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሥራ የሆነ ሌላ የስለላ ሶፍትዌር ላይ ሪፖርት አወጣ። ዒላማዎቹ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ሲሆኑ፣ ማጥመጃው “ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ አድሱ” የሚል ሐሰተኛ መልእክት ነበር። የጣሊያን፣ የጀርመንና የእስራኤል ሸቀጥ በአንድ ድሃ አገር በጀት ተገዝቶ በስደተኛ ላይ ዋለ። ሻጮቹ ሁሉ በዴሞክራሲ አገሮች ፈቃድ አውጥተው የሚነግዱ ነበሩ።

▪️ ቁልፍ መያዝ ወንጀል ሲሆን

“ስለሚያገባን እንጦምራለን” የሚሉት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ስማቸውን ያወጡት ከቃሊቲ ወህኒ ቤት ነው። ወህኒ ቤቱ ስምንት ዞን አለው፤ ዘጠነኛው ከግንቡ ውጭ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተይዘው ወደ ማዕከላዊ ተወሰዱ። በሐምሌ በሽብር ተከሰሱ።

በክሱ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ “ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ” በተባለ መሣሪያ ላይ ሥልጠና መውሰዳቸው ነው። ይህ ማንም ከኢንተርኔት በነጻ የሚያገኘው፣ የይለፍ ቃልን እንዴት ማጠንከር፣ ኢሜይልን እንዴት መቆለፍ እንደሚቻል የሚያስተምር መመሪያ ነው። በሌላ አነጋገር የራስን ደብዳቤ ማሸግ የሽብር ምልክት ሆኖ ቀረበ። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የደብዳቤ ምስጢር መብት ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. ፖስታውን ማሸግ ራሱ አስጠረጠረ።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ ሊገቡ ሳምንታት ሲቀሩ፣ ከዘጠኙ አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። አንድ ዓመት ተኩል ግን በወህኒ አለፈ። ያ ሁሉ የተያዘ ኮምፒውተርና የተነበበ ኢሜይል ሽብርን ለማስረዳት አልበቃም።

▪️ የደኅንነት ጥያቄው

ለመንግሥት የሚከራከር ሰው የሚያነሣው እውነት አለ፤ ሊካድም አይገባም። ኢትዮጵያ የምትገኘው በአስቸጋሪ ሰፈር ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ቦሌ አካባቢ በአንድ ቤት ውስጥ ቦምብ ሲያዘጋጁ የነበሩ ሁለት ሶማሊያውያን ቦምቡ ፈንድቶባቸው ሞተዋል። ሳይፈነዳባቸው ቢወጡ የስንት ሰው ሕይወት ይጠፋ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል። ቦምብ የሚያዘጋጅን ሰው ስልክ መጥለፍ የመንግሥት ግዴታ ነው።

ግን ይህን ማንም አልተቃወመም። አከራካሪው መሣሪያው በማን ላይ ዋለ፣ ማንስ ፈቀደ የሚለው ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ የጸጥታ ሠራተኞች የማንንም የጥሪ ዝርዝር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚያገኙ፣ ታሳሪዎችም በምርመራ ላይ የራሳቸው የስልክ ንግግር ቅጂ እንደሚቀርብባቸው አመልክቷል። የፍርድ ቤት ፈቃድ የሚለው የሕጉ መስመር በወረቀት ቀረ ማለት ነው። የኢሳት ባልደረቦችም ሆኑ ዞን ዘጠኞች ቦምብ አልተገኘባቸውም። ሁሉን የሚሰማ ጆሮ አደገኛውንና የሚያናድደውን መለየት ያቅተዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያናድደውን ያስቀድማል።

▪️ ከተከፈተው በር በኋላ

2010 ዓ.ም. ተስፋ ይዞ መጣ። እስረኞች ተፈቱ። በሰኔ 264 ድረ ገጾችና ጣቢያዎች ከእገዳ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የጋዜጠኞች መብት ተሟጋቹ ሲፒጄ በኢትዮጵያ አንድም የታሰረ ጋዜጠኛ እንደሌለ መዘገበ፤ በቀጣዩ ግንቦት የዓለም የፕሬስ ነጻነት ቀን በአዲስ አበባ ተከበረ። የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ በሌላ ተተካ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን ሥራ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ።

በሩ የተከፈተውን ያህል አልቆየም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፋ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆረጠች፤ ያም ለረጅም ጊዜ ዘለቀ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሣው ውዝግብ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተዘጉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጆቹ ወቅት ጋዜጠኞች ያለ ክስ ታሰሩ፤ የ1238ቱ አንቀጽ አላዳናቸውም።

ኢንተርኔት መዝጋት የሳንሱርም የስለላም የመጨረሻ ቅርጽ ነው። ማን ምን እንዳለ ለይቶ ማንበብ ሲያቅት ሁሉንም አፍ በአንድ ጊዜ መዝጋት ነው። በጦርነት ቀጣና የዘመዱን ሞት መርዶ ነጋሪ ያጣ ቤተሰብ ይህን ከማንም የሕግ ምሁር በላይ ያውቀዋል።

▪️ ምን ይደረግ?

ለመፍትሔው መነሻ የሚሆነው ሕግ በእጅ ነው። አንቀጽ 26 እና 29 እንደ ሁለት የተለያዩ መብቶች መነበባቸው ይብቃ። ከዚያ የሚከተለው ዝርዝር ረጅም አይደለም።

አንደኛ፣ ጠለፋ በሙሉ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይሁን። በየዓመቱ ስንት ትእዛዝ እንደተጠየቀና ስንቱ እንደተፈቀደ ለሕዝብ ይነገር። ስም ሳይጠራ ቁጥር መናገር የአገር ምስጢር አያወጣም።

ሁለተኛ፣ የጋዜጠኛ ምንጭ በፖሊስ ጥያቄም በስልክ ዝርዝርም እንዳይገለጥ ይጠበቅ። ጋዜጠኛውን አፉን አስይዞ የጥሪ ዝርዝሩን ከቴሌ መውሰድ ያንኑ በጓሮ በር መግባት ነው።

ሦስተኛ፣ የስለላ መሣሪያ ግዢ በምክር ቤት ይመርመር። የሕዝብ ገንዘብ ነውና ሕዝቡ የራሱን ጆሮ ጠቢ በጭፍን እንዲከፍል አይገደድ።

አራተኛ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባንኩንና ኩባንያውን እንደሚያስገድድ ሁሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም በእኩል ያስገድድ። በአንድ መታወቂያ የባንክ ሒሳብ፣ የሲም ካርድና የመንግሥት አገልግሎት እየተያያዘ ባለበት በዚህ ዘመን ተቆጣጣሪው ከሚቆጣጠረው አካል ነጻ መሆን አለበት።

አምስተኛው ለጋዜጠኞችና ለአንባቢዎች ነው። ምንጭን መጠበቅ በመሐላ ብቻ አይሆንም። ቁጥር አለመመዝገብ፣ መልእክትን ማመስጠር፣ የሰውን ስም ለታዋቂነት አለመሸጥ የሙያው አካል ነው። “የምደብቀው ነገር የለኝም” የሚል ዜጋም ጥያቄው ስለ እሱ ብቻ እንዳልሆነ ይወቅ። እሱ የሚደብቀው ባይኖረውም፣ የመንደሩን የውኃ ገንዘብ ማን እንደበላው ለጋዜጠኛ ለመናገር ያሰበ ጎረቤት ይኖረዋል። ያ ጎረቤት ዛሬ ማታ ስልኩን አንሥቶ ይደውል እንደሆነ፣ ወይስ “ግድግዳም ጆሮ አለው” ብሎ መልሶ ያስቀምጠው እንደሆነ የሚወሰነው በሚሰጠው ዋስትና ነው። የፕሬስ ነጻነትም የሚጀምረው ከዚያ ስልክ ነው።